ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳህን ሊያጥብ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዛሬ የመረጥኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ናቸው። ሦስቱም የሚጠይቁት እየተማሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ስለ መሥራት ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተማሪ ሠራተኞችን መቅጠርና ማሠልጠን ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት እኔም ተማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ ብመልስ አትቀየሙኝ።

«ውድ እህቴ፣

በዲቪ ከመጣን 11 ዓመታችን ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ ነው የምሠራው። በቀን 14 ክፍል አጸዳለሁ። ጉልበቴ አልቋል፤ ግን ለልጄ ብዬ ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብቷል። ባዮሎጂ ያጠናል፤ ከቤት እየተመላለሰ ነው የሚማረው። ዘንድሮ ከፋይናንሻል ኤይድ (ከገንዘብ እርዳታ ቢሮው) የመጣው ደብዳቤ ላይ ‹ወርክ ስተዲ 3,000 ዶላር› የሚል አለበት። ሄዶ ሥራ ጠየቀ። ያገኘው የተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ሳህን ማጠብ ነው። በሳምንት 10 ሰዓት፣ በሰዓት 15 ዶላር። ስሰማ አለቀስኩ። እኔ የሰው አንሶላ የምቀይረው እሱ የሰው ሳህን እንዳያጥብ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ‹መሥራቱ ካልቀረ እኔ ያለሁበት ፓርኪንግ ይግባ፤ 19 ዶላር ነው፣ የሌሊት 30 ሰዓት ያገኛል› ይላል። ልጁ አሻፈረኝ ብሏል። ምን ትመክሪኛለሽ? ደግሞስ ያ 3,000 ዶላር ከትምህርት ክፍያው ላይ ለምን አልተቀነሰልንም?»

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አንሶላውና ስለ ሳህኑ ያሉት ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እናቴም ለእኔ ተመሳሳይ ነገር ብላኝ ታውቃለች። ልብዎ ለምን እንደተነካ ይገባኛል። ቢሆንም ልጅዎ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የ3,000 ዶላሩን ነገር ላጥራ። ይህን ብዙ ወላጅ ይሳሳተዋል። ወርክ ስተዲ እንደ ስኮላርሺፕ ከክፍያ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ አይደለም። «እስከዚህ ድረስ ሠርተህ ማግኘት ትችላለህ» የሚል ፈቃድ ነው። ልጁ ሥራ ካልያዘ አንድ ሳንቲም አይመጣም። ሥራ ከያዘ በሠራው ሰዓት ልክ ይከፈለዋል፤ ገንዘቡም የራሱ ነው። ለመጽሐፍ፣ ለአውቶቡስ፣ ለምሳ ያውለዋል፤ ከፈለገም ለትምህርቱ ይከፍልበታል። በ15 ዶላር ሲሰላ 3,000 ዶላር ማለት 200 ሰዓት ነው። በሳምንት 10 ሰዓት ከሠራ በ20 ሳምንት ያልቃል። ስለዚህ አለቃውን ከአሁኑ «ይሄ ሲያልቅ በመደበኛ የተማሪ ክፍያ ታስቀጥሉኛላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። አንዳንዱ ክፍል ያስቀጥላል፤ አንዳንዱ በጀት የለኝም ይላል። መጋቢት ላይ ድንገት ከመስማት አሁን ማወቅ ይሻላል።

ፕሮግራሙ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጊዜ ድህነትን ለመዋጋት በወጣው ሕግ ነው የተጀመረው። የተማሪውን ደመወዝ እስከ 75 በመቶ የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ነው። ለዚህ ነው ቢሮዎች ወርክ ስተዲ ያለው ልጅ ሲመጣላቸው ደስ የሚላቸው። እኔም አንዷ ነኝ። ልጅዎ ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅ ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው «ወርክ ስተዲ አለኝ» የሚለው ይሁን።

ወደ ፓርኪንጉ ልምጣ። ወንድምዎ በሂሳቡ አልተሳሳቱም። 19 ዶላር በ30 ሰዓት 570 ዶላር ነው። የካምፓሱ 150 ዶላር ብቻ። በሳምንት የ420 ዶላር ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም፤ በእናንተ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቼኩ ላይ የማይታዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ልጁ ቢያንስ ግማሽ ጊዜ የሚባለውን ክሬዲት ወስዶ እዚያው በሚማርበት ትምህርት ቤት ከሠራ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ታክስ አብዛኛውን ጊዜ አይቆረጥበትም። ይህ 7.65 በመቶ ነው። ፓርኪንግ ከገባ ይቆረጥበታል፤ ከ570ው ላይ ወደ 44 ዶላር ገደማ በየሳምንቱ ይሄዳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሲሞላ የተማሪው የራሱ ገቢ ይታያል። ከተወሰነ መጠን በላይ ያለው ገቢ ግማሹ «ለትምህርቱ ሊከፍለው ይችላል» ተብሎ ይያዝበታል። የሚታየው የሁለት ዓመት የኋላ ገቢ ስለሆነ ጉዳቱ ወዲያው አይሰማም። ዘንድሮ በፓርኪንግ ያገኘው፣ ሊመረቅ ሲል እርዳታውን ሊቀንስበት ይችላል። በወርክ ስተዲ የተገኘ ገንዘብ ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ይደረጋል። ሦስተኛው የሌሊቱ ነገር ነው። ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ካስቀመጠው ደረጃ በታች ከወረደና በዚያው ከቀጠለ እርዳታው ራሱ ይቋረጣል።

ይህን የምናገረው ከወረቀት ላይ አንብቤ ብቻ አይደለም። ኮሌጅ ስጀምር ሌሊት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። የኬሚስትሪ ክፍሌ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ዩኒፎርሜን መኪና ውስጥ አውልቄ እገባለሁ። ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እጁ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አልሰማም። ማደያው ሚድተርም አለብኝ ብዬ አንድ ሌሊት እንዲቀይሩልኝ ስጠይቅ «ወይ ትመጫለሽ ወይ ትተዪዋለሽ» አሉኝ። ኬሚስትሪን ወደቅኩ። ከሁሉም የሚያመኝ መውደቄ አይደለም። ለሦስት ሳምንት ከክፍል ስጠፋ የት ሄድሽ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2001 ነው፤ ክፍያው በሰዓት 5 ዶላር ከ15 ሳንቲም። የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ አሥር መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልኝና «በቅደም ተከተል አስቀምጫቸው» አለችኝ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት አለ፤ ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት። አንዱ ላይ ሲ 125 ይላል፣ ሌላው ላይ ሲ 13። እኔ 13ን አስቀደምኩ። ማንም ቢሆን እንደዚያ ያደርጋል። አለቃዬ ቀስ ብላ አነሳችውና ቦታ ቀየረችው። ያ ቁጥር የሚነበበው ከነጥብ በኋላ እንዳለ ቁጥር ነው፤ 0.125 ከ0.13 ያንሳልና እሱ ይቀድማል። «ያለቦታው የገባ መጽሐፍ የጠፋ መጽሐፍ ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ አዲስ ተማሪ ስቀጥር እነዚያኑ ሁለት ቁጥሮች ነው የምሰጠው።

አንድ ቀን መደርደሪያ እያስተካከልኩ ዲቲ 371 ላይ ደረስኩ። በቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት አመዳደብ ከዲቲ 371 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቦታ ነው። ጋሪውን ትቼ ቆሜ አነብ ጀመር። አለቃዬ መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ደነገጥኩ። «ከዚህ አገር ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወሬ ጀመርን። ምን እንደማጠና ጠየቀችኝ፣ ያለፈው ሴሚስተር እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ኬሚስትሪ መውደቄን ነገርኳት። እንደ ትልቅ ነገር አላደረገችውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በነጻ የሚያስጠና ክፍል እንዳለ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። አላውቅም ነበር። በየቀኑ ከሥሩ እያለፍኩ አላውቅም ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሺፍቴ ላይ አንድ ሰዓት አንስታ እዚያ ላከችኝ። ኬሚስትሪን ደግሜ ወስጄ አለፍኩ።

እህቴ፣ የካምፓስ ሥራ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ነገር ልጁ እዚያ ሰው ያገኛል። በእኛ አገር ጉዳይ ለማስፈጸም ሲኬድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እዚያ የምታውቁት ሰው አለ?» ነው። እዚህ አገር ሕግና ሥርዓት ስላለ ሰው አያስፈልግም እንላለን። ያስፈልጋል። ከቤት የሚመላለስ ልጅ መኪናውን ያቆማል፣ ክፍል ይገባል፣ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይገባል። አራት ዓመት እንዲህ ሊያልፍ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ 200 ተማሪ ካለ መምህሩ ስሙን አያውቅም። ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ካልመጣ የሚጨነቅ ሰው ያለው ሥራ ቦታው ላይ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት እኔ ጋ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ሁለት ሺፍት በተከታታይ ቀረ። ደወልኩለት፤ አላነሳም። መልእክት ላክሁለት። ማታ መለሰልኝ፤ እናቱ ሆስፒታል ገብታለች፣ ታናሽ እህቱን የሚይዝለት የለም፣ ትምህርቱን ሊተው ነው። ዝም ብሎ ቢጠፋ ኖሮ አምስት ኤፍ ይዞ ነበር የሚቀረው። በማግስቱ ሃያ ደቂቃ ብቻ ብቅ በል አልኩት። አብረን ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄድን። ሁለቱን ኮርስ በሕጉ መሠረት አቋረጠ፤ ሦስቱን ደግሞ መምህራኑ ፈቅደውለት በሚቀጥለው ሴሚስተር ጨረሰ። ቢሮው የት እንዳለ እንኳን አያውቅም ነበር። እኔ የሠራሁት ትልቅ ነገር የለም፤ መቅረቱን አየሁ፣ በቃ። ግን መቅረቱን ያየሁት አብሮኝ ስለሚሠራ ነው።

ሳህኑን ረሳሁት አይበሉኝ። ዲሽ ሩም፣ ሳህን የሚታጠብበት ክፍል፣ ቀላል ሥራ ነው አልልዎትም። እንፋሎት አለ፣ ጫማ ይረጥባል፣ ልብስ የምግብ ሽታ ይይዛል። ግን ከሆቴሉ ጋር አያስተያዩት። እርስዎ 14 ክፍል የሚያጸዱት ሌላ ምርጫ አጥተው ነው። እሱ 10 ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሰዓቱም የሚወጣለት የክፍል ፕሮግራሙ ታይቶ ነው። ፋይናል ሲደርስ ይቀነስለታል። በብዙ ቦታ በሺፍቱ ምግብ በነጻ ይበላል። አጠገቡ ቆመው ትሪ የሚያንሸራትቱት ልጆች ደግሞ የማንም ልጆች ናቸው፤ የሐኪም ልጅም ሊኖር ይችላል። እዚህ አገር ተማሪ ሆኖ ሳህን ማጠብ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ደግሞ እዚያ አይቀርም። አሁን እኔ ጋ ካሉት ውስጥ ሦስቱ ከዲሽ ሩም የመጡ ናቸው። ስቀጥራቸው የኩሽናውን አለቃ ደውዬ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በሰዓቱ ይመጣል ወይ፣ ሰው ሲጎድል ይሸፍናል ወይ። ልጅዎ ባዮሎጂ የሚያጠና ከሆነ ኅዳር አካባቢ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄዶ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የላቦራቶሪ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቅ። ላቦራቶሪ ሲገባም መጀመሪያ የሚሰጡት ብልቃጥ ማጠብ ነው፤ ይህን ከአሁኑ ይወቁት! ግን እዚያ ብልቃጥ የሚያጥብ ልጅ ነው ቀስ ብሎ ፕሮፌሰሩ ምርምር ውስጥ የሚገባው። በኋላ ለሕክምና ወይም ለማስተርስ ሲያመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ፣ «ክፍሌ ውስጥ ኤ አግኝቷል» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ሁለት ዓመት የላቦራቶሪውን ቁልፍ ይዞልኛል» የሚለው ይበልጥበታል።

ወንድምዎንም አያስቀይሟቸው። ለልጁ አስበው ነው። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ሴሚስተር ላይ ካምፓስ፣ በጋ ትምህርት ሲዘጋ ፓርኪንግ፤ ያውም የቀን ሺፍት ከተገኘ። የቤት ኪራይ የጎደለ እንደሆነና የልጁ ገንዘብ የግድ ከሆነ ግን ከመወሰናችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዶ የቤታችሁ ገቢ ተለውጦ ከሆነ በወረቀት ያሳይ፤ ሁኔታው ሲለወጥ እርዳታውን እንደገና የማየት ሥልጣን አላቸው። ሳይጠየቁ ግን አያደርጉትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የእረፍት ቀንዎ ሲሆን፣ ልጁ ሺፍት ባለበት ቀን፣ ሄደው እዚያው ምሳ ይብሉ። ብዙዎቹ አዳራሾች በር ላይ ከፍሎ ለሚገባ እንግዳም ክፍት ናቸው። በልተው ሲጨርሱ ትሪዎን ራስዎ ወስደው መቀበያው ላይ ያስቀምጡ። ከወዲያ በኩል ሆኖ የሚቀበልዎት እሱ ሊሆን ይችላል።

«ውድ እትዬ፣

ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ሚኒሶታ ነኝ። ስኮላርሺፑ ትምህርቱን እንጂ ኪሴን አይሸፍንም። እዚህ ሬስቶራንት ያላቸው አንድ ሐበሻ ቅዳሜና እሁድ በካሽ ላሠራህ ብለውኛል። ጓደኞቼ ‹ሁሉም ይሠራል› ይላሉ። ለወርክ ስተዲ ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ አንተን አይመለከትም አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ተማሪ፣ ከሚኒሶታ

ወንድሜ፣ በካሽ የተባለውን አትጀምረው። ሰውየው ደግ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኪስህ ባዶ መሆኑን አይተው ነው። ግን አንተ በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ፣ ነህ፤ በመጀመሪያው የትምህርት ዓመትህ ከግቢ ውጭ መሥራት አይፈቀድልህም። ከተያዘብህ የምታጣው ሥራውን ብቻ አይደለም። የተማሪ ስታተስህን ታጣለህ። በሌላ ምክንያት ስታተሱን ያጣ ተማሪ ይመለስልኝ ብሎ የማመልከት መንገድ አለው፤ ያለፈቃድ በመሥራት ለሆነ ሰው ግን ያ በር ይዘጋል። «ሁሉም ይሠራል» የሚሉህ ጓደኞችህ ያን ቀን አብረውህ አይቆሙም።

ወርክ ስተዲ አይመለከትህም ያሉህ እውነት ነው፤ የፌዴራል እርዳታ ስለሆነ ለተማሪ ቪዛ አይሰጥም። የካምፓስ ሥራ ግን ይፈቀድልሃል። ሁለቱን ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ትምህርት ቤቱ በራሱ በጀት የሚከፍላቸው የተማሪ ሥራዎች አሉ፤ የሥራ ማስታወቂያው ላይ «ወርክ ስተዲ ግዴታ አይደለም» የሚለውን ፈልግ። ትምህርት እየተካሄደ ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት መብለጥ የለብህም። ሁለት ቦታ ብትሠራም ተደምሮ ነው 20። በእረፍት ጊዜ ሙሉ ሰዓት ትችላለህ፤ በሚኒሶታ ብርድ ታኅሣሥ ላይ ግቢው ጭር ሲልና ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሰው የሚፈልጉ ክፍሎች አሉ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሥራውን ታገኛለህ። ከቀጣሪው የሥራ ደብዳቤ ትወስዳለህ። እሱን ይዘህ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ትሄዳለህ፤ እነሱም ሌላ ደብዳቤ ይጽፉልሃል። ከዚያ ሁለቱን ደብዳቤ፣ ፓስፖርትህን፣ አይ-20ህን (ትምህርት ቤቱ የሰጠህን የተማሪነት ወረቀት) እና አይ-94ህን (ወደ አገሩ የገባህበትን መዝገብ) ይዘህ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደህ ቁጥር ታወጣለህ። ብዙ ልጆች ቁጥሩ ስለሌለኝ አልቀጠርም ብለው ይቀራሉ። ነገሩ ግን ቁጥሩ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ ደግሞ ወረቀቱን እየው። የኤፍ-1 ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አይከፍልም። ተቆርጦብህ ካገኘኸው ክፍያ ክፍሉን ሄደህ አስተካክሉልኝ በል። ባትሠራም ብትሠራም የውጭ ተማሪዎች ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚሞሉትን ፎርም 8843 በየዓመቱ መሙላት አለብህ፤ እሱን አትርሳ።

የት ልጠይቅ ብትለኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ አመልክተህ አትቀመጥ። አንድ ገጽ ረዙሜ አትምና በእግርህ ዙር። ቤተ መጻሕፍት፣ ጂም፣ ፖስታ ክፍል፣ መመገቢያ አዳራሽ። ረዙሜህ ላይ የምጽፈው የለኝም አትበል። አገር ቤት የሰፈር ልጅ አስጠንተህ ከሆነ ጻፈው፣ የአጎትህን ሱቅ ጠብቀህ ከሆነ ጻፈው። እኔ ጠረጴዛ ጋ መጥቶ «የሰዓት ፕሮግራሜ ይኸው፣ እነዚህ ሰዓቶች ባዶ ናቸው» የሚለኝን ልጅ አልረሳውም። ሌላው ሁሉ «ሥራ አለ?» ብሎ ነው የሚሄደው።

እንግሊዝኛውም አብሮ ይመጣል። በመጽሐፍ የምናውቀው እንግሊዝኛ ስልክ ሲነሳ ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ ስልክ ሲጮህ ወደ መደርደሪያዎቹ ነበር የምሸሸው። አንድ ወር ስልክ ማንሳት አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ ከመቀመጥ በላይ አስተማረኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት ከአሁኑ አስብ። የዶርም ተጠሪ፣ አርኤ የሚባለው ሥራ፣ ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከገና በኋላ ነው የሚከፈተው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለሥራው መኝታ ክፍሉን በነጻ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ምግብም ይጨምራሉ። ሰዓቱ ከ20ው ላይ እንዴት እንደሚቆጠር አስቀድመህ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቅ። ለሬስቶራንቱ ባለቤት ደግሞ «ቪዛዬ አይፈቅድልኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ» በላቸው። ይገባቸዋል።

«እትዬ፣ እንደምን ነሽ?

ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨረስኩ። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ከትምህርት በኋላ ቀሰም አጠነጥንለታለሁ፤ ነጠላ ጥለቱንም አሁን አሁን እኔ እሠራለሁ። አሜሪካ ሥራ እየሠሩ በነጻ የሚማሩበት ኮሌጅ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ እንደ ደላሎቹ ወሬ ነው?»

ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እውነት ነው፤ ደላላ ግን አያስፈልገውም። ማንም «እኔ አስገባሻለሁ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅሽ አትስጪ።

እንዲህ ዓይነት ጥቂት ኮሌጆች አሉ። በደንብ የሚታወቀው ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ባርነትን በሚቃወሙ ሰዎች ነው የተመሠረተው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት አብረው እንዲማሩበት። የጥቁሮች ታሪክ አባት የሚባለው ካርተር ዉድሰን እዚያ ተምሮ በ1903 ተመርቋል። ከ1892 ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። በምትኩ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ቢሮ የሚሠራ አለ፣ እርሻ ላይ የሚሠራ አለ። ሥራው ከትምህርቱ ጎን ለጎን ሳይሆን የትምህርቱ አካል ተደርጎ ነው የሚታየው፤ ስለ ሥራሽም ትገመገሚያለሽ።

ከውጭ አገር የሚቀበሉት በየዓመቱ ጥቂት ተማሪ ነው። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ይህን አልደብቅሽም። ማመልከቻውን ከኮሌጁ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ነው የምታገኚው። ቀኑን አስቀድመሽ እይ። እሱ ላይ ብቻ ደግሞ ተስፋሽን አትጣይ፤ የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ምደባሽ ሲመጣ ግቢ።

አሁን ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን ያሞቀውን ነገር ልንገርሽ። ቤሪያ ተማሪዎቹ የሚሠሩበት የእደ ጥበብ ክፍል አለው። መጥረጊያ ይሠራሉ፣ እንጨት ይሠራሉ፣ ይሸምናሉም። አንቺ ማግና ድር ለይተሽ የምታውቂ ልጅ ነሽ። ማመልከቻው ላይ ስለ ራስሽ ጻፊ ሲሉሽ ሌሎቹ እንደሚጽፉት «ሐኪም ሆኜ አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ከአባትሽ መሸመኛ ጀምሪ። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ሲቀመጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቀሰሙ ሲያልቅበት እንዴት እንደሚጠራሽ፣ አንድ ጥለት ለመጨረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅብሽ ጻፊ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አነብልሻለሁ።